የመስታወቱ ጠርዝ

ጥርስ ሠሪዋ በየማለዳው፣ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ካለው የመስታወት ሣጥን ፊት ትቀመጣለች። ሣጥኑ አንድ ክንድ ይረዝማል፣ ስንዝር ተኩል ይሰፋል፤ የላይኛው ጠርዙ በቀጭን ናስ ተለብጧል። ሲሠራ ለአበባ ታስቦ አልነበረም። እሷ በምትሠራበት የጥርስ ወርክሾፕ በር ላይ የናሙና ጥርሶች ይታዩበት ነበር። ወረፋ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች አካል የሌላቸው ድዶች ፈገግ እያሉባቸው መቀመጥ ስላልወደዱ ሣጥኑ ከበሩ ተነሥቶ ዕቃ ቤት ገባ። ከዕቃ ቤት አውጥታ ወደ ቤቷ የወሰደችው እሷ ናት።

አሁን ከሥሩ አንድ ጣት ያህል የተፈረካከሰ ከሰል ተነጥፏል። ከከሰሉ በላይ አፈር፣ ከአፈሩ በላይ ከእርጥብ ግድግዳ የተፋቀ የድንጋይ ሽበት አለ። በዚያ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ሰባት አበቦች በቅለዋል። ሰባቱም ድንክ ናቸው። የትልቁ ቅጠሎች ሁሉ አንድ ላይ ተዘርግተው የሻይ ሲኒ አፍ አይሸፍኑም፤ ትንሿ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ሐምራዊና ነጭ ያብባሉ፤ አበባቸው የምስር ፍሬ ያክላል። ቅጠላቸው እንደ ሕፃን ጆሮ ለስላሳ ጸጉር አለው።

ክዳኑ ሲዘጋ ውሃው ተንኖ መስታወቱ ላይ ያርፍና መልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ በወር አንዴ ካልሆነ ውሃ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። በታፈነ እርጥበት ውስጥ የጠወለገ አበባ ቅጠል ላይ ወድቆ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ግራጫ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው ከአበባው ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የደረቀችው አበባ ሳትወድቅ በወረንጦ መቀንጠስ አለባት፤ ከጎኗ ያለው እንቡጥ ደግሞ መነካት የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የክር ውፍረት ነው።

ለአሥር ዓመት ይህ ጨዋታዋ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ፈተናዋ ሆኗል። ማለዳ ማለዳ ክዳኑን ገልጣ ሦስት አበባ ትቀነጥሳለች፤ የደረቀው ሦስት ካልሞላ ደህናውን ትጨምርበታለች። ሦስቱ ሲነሡ አንድም ቅጠል ካልተነቃነቀ ልቧ ሞልቶ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ከተነቃነቀ ግን የዚያን ዕለት ዓይኗን ያማታል፤ ማለትም ዓይኔን አሞኛል ብላ ረቂቁን ሥራ ለሌሎች ትታ ጄሶ ስታቦካ ትውላለች።

እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህን መጀመሪያ ያወቁት እናቷ ናቸው።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናትየው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤት ከወረዱ ወራት አልፈዋል። ውሃ ቀጠነ ብለው የሚጣሉ ሴት ናቸው። በአፋቸው ውስጥ አንድም የራሳቸው ጥርስ የለም፤ ያለው ሁሉ የልጃቸው ሥራ ነው። ሦስት ጊዜ ሠርታላቸዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ አብጠልጥለዋል። የመጀመሪያውን ከፍ ብሏል አሉ። ሁለተኛውን ሳወራ እንደ ጋሪ ፈረስ ያንኳኳል አሉ። ሦስተኛውን ሲያደርጉት መስተዋት አምጪ ብለው ካዩ በኋላ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹዋት የኖሩትን አማታቸውን እንደሚመስሉበት ተናገሩ። የምር ሲጣሉ ጥርሱን አውጥተው ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩትና በባዶ ድድ ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ የሚሉት ለሌላ ሰው አይገባም፤ ለልጃቸው ግን አንድም ቃል አያመልጣትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሻይ ስታቀርብላቸው ሲኒው በማስቀመጫው ላይ ተንጫጫ። እናትየው ሲኒውን ሳይሆን ጣቶቿን ተመለከቱ።

«አባትሽም የጀመረው በሲኒ ነው» አሉ።

አባቷ በአንድ መሥሪያ ቤት በእጅ ጽሑፉ የታወቀ ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤው እንዲያምርላቸው የሚፈልጉ አለቆች የጽሕፈት መኪናውን ትተው እሱን ይጠሩት ነበር። በጡረታ በወጣበት ቀን ወረቀቱ ላይ መፈረም አቅቶት በአውራ ጣቱ አሻራ አስቀመጠ። ቀለሙ ከጣቱ እስኪለቅ ድረስ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ እጅ አልተወራም፤ አባትየው እስኪሞት ድረስ እናትየው ሲኒውን ግማሽ ብቻ እየሞሉ ያቀርቡለት ነበር።

ጥርስ ሠሪዋ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። ሐኪሙ መስመር አስምሯት፣ ክብ አስሏት፣ ያዘዘላት ኪኒን ነገሩን እንደሚያዘገየው እንጂ እንደማይመልሰው ነግሯታል። እሷም ቢሆን ተስፋ እንዲሰጣት አልጠየቀችውም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት ነበር የጠየቀችው። ሐኪሙ ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈላት።

በወርክሾፑ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አምስት የሥራ ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው ላይ መብራት፣ የአልኮል ምድጃ፣ የሰም ቢላዋና እንደ ሰው መንጋጋ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማጠፊያ ተቀምጧል። ክፍሉ የቀለጠ ሰምና የእርጥብ ጄሶ ሽታ አለው። እዚያ ሁሉም ሰው እጀ ወርቅ ይላታል። መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው አፉ ላይ ስለሆነ በወጣትነቷ ብዙ ወንዶች ተሳስተዋል። «የሰው አፍ ስታዪ ዕድሜሽ አለቀ» ይሏታል እናቷ፤ ባል አለማግባቷን የሚያነሡት በዚህ መንገድ ነው።

ከጎኗ፣ የተጠናቀቁት ጥርሶች በሚወለወሉበት ሞተር ላይ፣ ጋሼ ዱቄት የሚባሉ ሽማግሌ ይሠራሉ። ስሙ የወጣላቸው ከሞተሩ የሚበተነው ነጭ ብናኝ ቅንድባቸውንና የጆሯቸውን ጸጉር ስለሚያለብሰው ነው። ጥርስ መደርደርም ያውቃሉ፤ እሷን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሞተሩን የመረጡት ዓይናቸው ሲደክም ነበር፤ መነጽር ከቀየሩ በኋላም ወደ ጠረጴዛው አልተመለሱም።

የእናትየው ድድ በዚህ ዓመት በጣም ሟሸሸ። ጥርስ ያልያዘ አጥንት ከዕድሜ ጋር ይቀልጣል፤ ሦስተኛው ጥርስ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር፤ ሲያኝኩ ይወድቃል፣ ሲስሉ ከአፋቸው ይወጣል። ዳቦ እያነከሩ መብላት ጀመሩ፤ ከዚያ ሾርባ ብቻ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ይንሸራተት ጀመር። አራተኛ ጥርስ ያስፈልጋቸው ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ የአፋቸውን ልክ ወሰደና ልኩ ወርክሾፕ ደረሰ።

ጋሼ ዱቄት ሞተሩን አጥፍተው ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። የእናትየውን የጄሶ ቅርጽ አንሥተው አገላበጡት።

«ይህን እኔ ልያዝልሽ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። የእናት ሥራ ያስጨንቃል።»

«ሦስት ጊዜ ሠርቼላታለሁ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ዱቄት። ዓይናቸው እጇ ላይ አላረፈም፤ ወደዚያ ላለማየት ሲጠነቀቁ ግን አየቻቸው። ቅርጹን አስቀምጠው ወደ ሞተራቸው ተመለሱ።

እንዳወቁባት በዚያ ጊዜ ገባት። የምትፈልገው ነገርም በዚያው ጊዜ ጠበበና ጠራ። ሃያ ስድስት ዓመት ከሠራችው ሥራ የመጨረሻው የእናቷ ጥርስ እንዲሆን፣ እሱም እንዲገጥም ነበር። ከዚያ በኋላ ጄሶ ቢያስቦኳት፣ ቢያሰናብቷትም ግድ አልነበራትም። እንዲያውም አለቃዋን ለዚህ ሥራ ጊዜ እንዲሰጣት አስቀድማ ለመነችው፤ እናቷን ማስደሰት እንደማይቻል ሁሉም ስለሚያውቅ አለቃዋ ሳቀና የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ አላት።

በዚያ ሰሞን ማለዳ ማለዳ ፈተናዋን በሚገባ ታልፍ ነበር። ወረንጦው ይገባል፣ አበባዋ ትቀነጠሳለች፣ ቅጠሉ ዝም ይላል። ሦስቱንም። ወርክሾፕ ስትደርስ ግን ሌላ ነው። የኋላዎቹን ጥርሶች ደህና አድርጋ ሰም ላይ ተከለቻቸው። የላይኞቹን ሁለት የፊት ጥርሶች ግን በሞቀው ቢላዋ ልታቃና ስትነካቸው እጇ ይዘልባታል፤ ጥርሱ የጸጉር ያህል ይዞራል። ታወጣዋለች፣ ሰሙን ታቀልጣለች፣ እንደገና ትተክላለች። በደህናው ጊዜ ግማሽ ቀን የማይፈጅባት ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጠዋት ያለፈችውን ፈተና ከሰዓት ለምን እንደምትወድቅ ሊገባት አልቻለም። መብራቱ ነው ብላ አምፖሉን አስቀየረች። ሰሙ ነው ብላ አዲስ ካርቶን አስከፈተች። ድካም ነው ብላ ከምሳ በኋላ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ሩብ ሰዓት ተኛች። ጋሼ ዱቄት በዚያ ሩብ ሰዓት ሞተሩን አላስነሡም።

በዐሥረኛው ቀን ማለዳ እንደ ልማዷ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጣ ሁለተኛዋን አበባ ስታነሣ እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አልሰማችም። ክብደታቸው ከቀነሰ ወዲህ ኮቴያቸው አይሰማም።

«አየሽ?» አለቻቸው ወረንጦውን ከነአበባው ከፍ አድርጋ። «አሁን ይህ እጅ የሚንቀጠቀጥ ነው?»

እናትየው ቀረብ ብለው አዩ። አበባዋን አላዩም።

«እጅሽን አንሺው» አሉ።

«የቱን?»

«ከጠርዙ ላይ አንሺው። እጅሽን የያዘልሽ መስታወቱ ነው።»

ጥርስ ሠሪዋ የቀኝ እጇን አየች። አንጓዋ በናሱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ያለ ምንም ሐሳብ እዚያው ነበር የምታሳርፈው፤ ናሱ በዚያ ቦታ ላይ ነጥቶ አንጸባርቋል። የወርክሾፑ ጠረጴዛ ደግሞ ማሳረፊያ አለው፤ ነገር ግን የብረት መንጋጋውን በግራ እጇ አንሥታ ወደ መብራቱ ስታቀርበው ሁለቱም እጆቿ አየር ላይ ናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የፈተነችው ጠርዙን ነበር።

እጇን አንሥታ ሦስተኛዋን አበባ ልትይዝ ሞከረች። የወረንጦው ጫፎች እንደ ወፍ አፍ ይጋጩ ጀመር። የደረቀችው አበባ በቦታዋ ቀረች፤ ከጎኗ የነበሩት ሁለት እንቡጦች ግን ተበጥሰው ሽበቱ ላይ ወደቁ።

እናትየው ዞሩ። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር።

በዚያ ቀን ጥርስ ሠሪዋ ሥራውን ለጋሼ ዱቄት መስጠት ትችል ነበር። አልሰጠችም። ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ደርባ ክርኖቿን አሳረፈችባቸው፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ የፊቶቹን ጥርሶች ተከለችና ደግማ ሳታያቸው ሰሙ በፕላስቲክ እንዲተካ ወደ ማብሰያው ላከቻቸው። ሲወጡ አየቻቸው። የግራው የፊት ጥርስ በጸጉር ያህል ወደ ውጭ ዞሯል፤ በግራ በኩል መንጋጋው ከቀኙ ቀድሞ ይነካካል። ሰም ሳለ ይቃና ነበር። አሁን የሚቃናው እንደ አዲስ ተሠርቶ ነው። እንደ አዲስ ብትሠራው የባሰ እንዳይሆን ፈራች። ጋሼ ዱቄት ወለወሉላት፤ ሲሰጧትም ቀና ብለው አላዩዋትም።

እናትየው ጥርሱን አፋቸው ውስጥ አድርገው ከንፈራቸውን ገጠሙ። መስተዋት አምጪ አሉ። ብዙ አዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ።

«አይቆረቁርሽም?»

«አይቆረቁረኝም።»

«በግራ በኩል ከፍ አላለም?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

ለአርባ ዓመት ከአፋቸው ያልወጣ ቃል ነበር። ጥርስ ሠሪዋ ደስ እንዲላት ፈለገች። ትንሽም ደስ አላት።

ከዚያ ወዲህ እናትየው ምግባቸውን በክፍላቸው መብላት ጀመሩ፤ እዚያ ብርሃኑ ይሻላል አሉ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለስ ነበር። ሰውነታቸው ግን አልተመለሰም። ጥርስ ሠሪዋ በመስታወት ሣጥኑ ፊት መቀመጧን ትታ ነበር፤ አንድ ቀን ክዳኑን ስትገልጠው የሻጋታ ሽታ ወጣ። ያልተቀነጠሱት አበቦች ቅጠሉ ላይ ወድቀዋል፤ ሁለቱ ተክሎች እንደ እርጥብ አመድ ሆነዋል። በማንኪያ ከነአፈራቸው አውጥታ ጣለቻቸው። ማንኪያ መያዝ አላቃታትም።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ እሑድ እናትየው ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጥርሱን ከብርጭቆው አውጥታ ልታጥበው ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። በውሃ አለቀለቀችው፤ ከዚያ ከሃያ ስድስት ዓመት ልማድ የተነሣ ወደ ብርሃኑ አቅርባ ገልብጣ አየችው።

የሰው ጥርስ ሥራውን ይናገራል። ለሦስት ወር ዳቦ ያኘከ መንጋጋ ጫፎቹ ይዶለዱማሉ፤ የሚጋጩት ቦታዎች እንደ ጥፍር ያበራሉ፤ በጥርሶቹ ሥር የሻይ ቀለም ይገባል። ይህ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ነበር። የመንጋጋው ጫፎች ስለታም ናቸው። ድዱ ላይ ጋሼ ዱቄት በመጨረሻ ያሳለፉት የመወልወያ ጨርቅ የተወው ረቂቅ ጭረት እንኳ አልጠፋም። በእነዚህ ጥርሶች አንድም ነገር አልታኘከም።

ድምፅ ሳታሰማ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ከራስጌያቸው ያለውን መሳቢያ ሳበች። ሦስተኛው ጥርስ፣ አማታቸውን የሚመስሉበት፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከላንቃው በኩል ከፋሻ የተቆረጠ ጨርቅ በእጥፍ በእጥፍ ተጠቅጥቆበታል፤ እንዳይንሸራተት። ጨርቁ በደም ጠቆር ብሏል፤ በጥርሶቹ መካከል የዳቦ ፍርፋሪ አለ። እናቷ ሦስት ወር ሙሉ የሚበሉት በዚህ ነበር፤ ልጃቸው ስትመጣ አዲሱን ያደርጋሉ።

እንደነበረ ጠቅልላ መለሰችው። አዲሱንም ብርጭቆው ውስጥ መለሰችው። ሲነቁ ሻይ ሰጠቻቸው፤ ሲኒውን ግማሽ ሞልታ። 

ሰኞ ጠዋት የእናቷን የጄሶ ቅርጽ ከመደርደሪያ አውርዳ ከጋሼ ዱቄት ሞተር አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይሥሩልኝ።»

ጋሼ ዱቄት መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ጥርሱ ምን ሆነ ብለው አልጠየቋትም።

«አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?» አሏት።

«ጄሶ ላቦካ ነው።»

ለአለቃዋም ይህንኑ ነገረችው፤ ከነምክንያቱ። አለቃዋ ብዙ የሐዘን ቃል ተናገረ፤ በሳምንቱ ጠረጴዛዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የሰም ቢላዋዋን ጋሼ ዱቄት በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ጥርሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እናትየው ከአፋቸው ገጠሙት፤ ምላሳቸውን በጀርባው አዞሩት፤ ጥርሳቸውን ሁለት ጊዜ አጋጩ። ፊታቸው ተኮማተረ።

«ላንቃው ወፍሯል» አሉ። «በቀኝ በኩልም ይቆረቁራል። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይህ?»

«የጋሼ ዱቄት ሥራ ነው።»

«ድሮም እጁ ከባድ ነው። ጥርስ ነው ወይስ በር የገጠመልኝ? እስቲ ዳቦ አምጪ፤ ደረቁን።»

ደረቁን ዳቦ አመጣችላቸው። እናትየው ክፍላቸው አልሄዱም፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ቅርፊቱን ነከሱ። የሚሰባበረው ዳቦ ድምፅ ይሰማ ነበር። እያኘኩ ይራገማሉ፣ እየተራገሙ ይቆርሳሉ።

ጥርስ ሠሪዋ ከፊታቸው ቆማ መንጋጋቸውን አየች። እኩል ይከፈታል፤ እኩል ይገጥማል። የሚቆረቁርም ነገር አልነበረበትም።

«የእኔን ጥሩ ነው ብለሽ ነበር» አለች።

እናትየው ማኘካቸውን አቆሙ። ያኘኩትን ዋጡ። ዓይናቸው የጄሶ ብናኝ ባነጣቸው ጣቶቿ ላይ ነበር።

«ያንቺን ታዲያ ምን ልበልሽ?» አሉና ሌላ ቁራሽ አነሡ።

ጥርስ ሠሪዋ ወደ ክፍሏ ሄደች። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ሁለት ሞተው በሣጥኑ ውስጥ ሦስት ተክሎች ቀርተዋል፤ ትንሿ፣ ቁልፍ የምታክለው፣ አብባለች። ከጎኗ ያለው ጠውልጎ ወደ እሷ አዘንብሏል። መስታወቱ በላበት ተሸፍኗል። ጥርስ ሠሪዋ ክዳኑን አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሻጋታ ደረቅ አየር አይወድም፤ አበቦቹም አይወዱትም፤ ክፍት ሆኖ ከከረመ ሁሉም በአንድ ወር ያልቃል። ይህን ታውቃለች። ወረንጦው በጠርዙ ላይ፣ ናሱ በነጣበት ቦታ ተጋድሞ ነበር። አልነካችውም።

ከወጥ ቤት እናቷ ይጣራሉ፤ ላንቃው ወፍሯል፣ ነገ ለዚያ ሰውዬ ወስደሽ አስሞርጂልኝ ይላሉ። በመካከሉ ዳቦው ሲሰበር ይሰማል።